የአጋም በር መመለሻ

በአጋም በር ልጁን የሚድር ቤት፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ተቆርጦ ከተሰፋ በኋላ የምትተርፈውን ቅዳጅ ጨርቅ አይጥላትም፤ ለዕቃ መወልወያም ሆነ ለሕፃን መጠቅለያ አያውላትም። ጨርቋ ብትሰፋም ብትጠብም የሙሽራዋ እናት፣ እናት ከሌለች አክስት፣ አክስትም ከታጣች ከጎረቤት አንዲት የወለደች ሴት ሁለት አጥፋ በእጅ መርፌ ትሰፋትና መዳፍ የማታህል ከረጢት ታወጣባታለች። ከረጢቷ «መመለሻ» ትባላለች። ሙሽራዋ ከቀሚሷ ሥር በአንገቷ አንጠልጥላት ትሄዳለች፤ ውስጧ ምን እንዳለ ባል አይጠይቅም፣ አማትም አትዳስስም። ከሚዜዎቹ ታላቁ ሙሽራዋን ከደጅ ሲያወጣ ከረጢቷን ከቀሚሱ ሥር ሳትገባ በዓይኑ ብቻ ያያትና «ተዘግታ አየኋት፣ ተዘግታ ትኑር» ይላል፤ ይህን ሳይል ሙሽራ ከዚያ ግቢ አትወጣም። የሌላ አገር ሰው ሚዜ ሆኖ የመጣ እንደሆነ አስቀድመው ያስጠኑታል።

ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚጠየቁት ሽማግሌዎች ነገሩን የሚጀምሩት ከአንዲት ደካማ ሴት ነው።

በዚያ ዘመን፣ አጋም በር ገና ከገደሉ አፋፍ ላይ የተደረደሩ ጥቂት ጎጆዎች ሳለች፣ ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር ይባላል። ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመልሶ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እሷም ከመርፌ በቀር የቀራት ነገር ስላልነበረ የአገሩን ሙሽሮች ቀሚስ እየሰፋች፣ አንገትና እጅጌውን እየጠለፈች አንዲት ልጇን አሳደገች። ዋጋዋን በእህል ይሰጧታል፤ ያለው ደግሞ የአሞሌ ጨው ስባሪ ይሰጣታል። ጥልፏ የወይራ ቅጠል ይመስል ነበር፤ እንዲያ አድርጎ የሚጠልፍ ሌላ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግን ዓይኗ እየፈዘዘ፣ ጀርባዋ እየጎበጠ፣ ጣቶቿም ማለዳ ማለዳ አልታዘዝ እያሏት ሄዱ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ስላቃታት ይህን የምታደርግላት ልጇ አንጓች ነበረች።

አንጓች ለማግባት በደረሰች ጊዜ ከማዶ ሰዎች ሽማግሌ መጣ። ማዶ ማለት ከገደሉ ግርጌ የሚፈሰውን አጓት ውኃ የሚሉትን ወንዝ ተሻግሮ ያለው አገር ነው፤ ወንዙን እንዲህ ያሉት ክረምት ሲደፈርስ አጓት ስለሚመስል ነው። የሚጠይቃት ሰው ደምለው ይባላል፤ ከብት ያለው፣ እርሻው ሰፊ፣ አባቱ ሞቶ ከእናቱ ጋር የሚኖር ጎልማሳ ነው። ይመኙሻል ስለ ሰውየው ጠባይ ብትጠይቅ «ቤተ ሰፊ ነው» አሏት። እሷም ሌላ ለመጠየቅ ጉልበት አልነበራትም፤ እኔ ሳልሞት ልጄ ዕቃ ካለው ቤት ትግባልኝ አለችና እሺ አለች።

ለሰው ሙሽራ ስትሰፋ የኖረች ሴት ለልጇ ስትሰፋ እጇ አልፈጠነም ይባላል። ጨርቁን ደጋግማ ለካችው፤ ከቆረጠችው በኋላ አንድ ቁራጭ ተረፈና ክር ከምታስቀምጥበት ሙዳይ ውስጥ ጣለችው። በሠርጉ ማለዳ አንጓች ከእናቷ መደብ ሥር ተቀምጣ ቤት ያሉትን መርፌዎች ሁሉ ክር አስገባችላቸውና በሙዳዩ ክዳን ላይ ሰካቻቸው። ይህን ስታደርግ ቀና ሳትል፣

«እማ፣ ቢከፋኝስ?» አለቻት።

«ይከፋሻል። እኔም ከፍቶኝ ነበር፤ ይለመዳል።»

«ካልተለመደስ?»

«ሴት ልጅ ከወጣች ወዲያ ቤቷ የሄደችበት ነው። ወደ ኋላ እያየሽ አትሂጂ፣ እንቅፋት ይመታሻል» አለችና የልጇን ነጠላ አስተካከለችላት። ክፋት አልነበረባትም፤ ለእሷም የተነገራት ይኸው ነበር።

ክረምት ገባ። አጓት ውኃ ሲሞላ ከማዶ ወሬ አይመጣም፤ ይመኙሻልም ልጄ ደህና ብትሆን ነው እያለች አንጓች የሰካችላትን መርፌዎች አንድ በአንድ እየነቀለች ትሠራ ነበር። ክሩ ያለቀውን መርፌ ጎረቤት ሄዳ ክር አስገቡልኝ ማለቱ ስለከበዳት ወደ ጎን ትተወዋለች።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጭራሮ ለመልቀም ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣች። ቁልቁል ስትመለከት ከወንዙ ማዶ፣ ታንኳው ከሚነሣበት አሸዋ ላይ፣ አንድ ነጭ ነገር ታያት። የማዶ ሴቶች ልብስ አጥበው አስጥተው ይሆናል ብላ ጭራሮዋን አሰረችና ተመለሰች። በማግስቱም ሄደች፤ ነጩ ነገር አሁንም እዚያው ነው። ልብሱን ረስተውት ሄዱ ማለት ነው፣ ይህን ያህል የሚረሳ ሀብታም ሰው ነው ብላ በልቧ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ በወጣች ጊዜ አሸዋው ባዶ ነበር።

ከማዶ ጨው ይዞ የሚመጣ አንድ ነጋዴ በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ አገኛትና፣ የጠለፈችውን ኩታ ተቀብሎ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ይህን ጥልፍ አውቀዋለሁ» አላት። «በቀደም ወንዝ ዳር አንዲት ሙሽራ ለብሳው አየሁ። የታንኳውን ቀረጥ የምትከፍለው አጥታ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ሰነበተች። ስሳፈር በአጠገቧ ነው ያለፍኩት፤ ነገሯን ከታንኳ ቀዛፊው የሰማሁት ግን አህዮቼ ተሻግረው ካለቁ በኋላ ነው። በኋላ ባሏ ከወንድሞቹ ጋር መጣና ወሰዳት።»

ይመኙሻል ኩታውን ከእጁ ተቀበለችው።

«ልብስ መስሎኝ ነበር» አለች።

ነጋዴው የምትለው አልገባውም። ገበያውን ትታ ሄደች።

በአጋም በር ያኔ ነገር የሚቆርጡት አባ ጉልላት የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ይመኙሻል ወደሳቸው ሄዳ የሰማችውን ነገረቻቸው። አባ ጉልላት ክፉ ሰው አልነበሩም ይባላል፤ እሳቸውም ሁለት ልጆች ማዶ ድረው ነበር። አዝነው ሰሟት፤ ነገር ግን «ባልና ሚስት ይጋጫሉ፤ ጥምቀት ይለፍና ሽማግሌ እንልካለን፤ እስከዚያ ነገሩ ይበርዳል» አሏት። እሷም መከራከር አልቻለችም። ልትከራከር ብትፈልግ እንኳ ጉልበቱን ከየት ታመጣዋለች? እጅ ነሥታ ወደ ቤቷ ተመለሰችና ከመደቡ ላይ ቁጭ አለች። እሳት አላነደደችም። እንዲያው ቁጭ እንዳለች እጇ ወደ ሙዳዩ ሄደ፤ ከልጇ ቀሚስ የተረፈው ቁራጭ እዚያው ነበር።

ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ነው የጀመረችው ይላሉ። በሙዳዩ ክዳን ላይ አንጓች ክር ያስገባችላት አንዲት መርፌ ብቻ ቀርታለች። ያችን ነቀለች። የጨርቁን ጫፍ አስተካክላ ቆርጣ፣ ሁለት አጠፈችና በጎኖቹ ደቃቅ አድርጋ ሰፋችው፤ ዓይኗ አላይ ሲል በጣቷ እየዳሰሰች። ክሩ ሳያልቅ ሥራው አለቀ። ከዚያ የሥራዋ ዋጋ ሆኖ የተሰጣትን የአሞሌ ስባሪ አወጣች። ለወጥ እንኳ የምትሳሳለት ጨው ነው፤ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ግን ከጨው በቀር አይቀበልም። ለአንድ ሰው መሻገሪያ የሚበቃውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተችና አፉን ሸበበችው። የቀረውን ለራሷ መሄጃና መመለሻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

በማግስቱ ማንንም ሳታማክር ገደሉን ወረደች። የአጋም በርን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉልበት የሚያብረከርክ መንገድ ነው። እሷ አንዳንዴ በእግሯ፣ አንዳንዴም ተቀምጣ በእጇ እየተደገፈች ወረደችው። ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰጥአርጌ የሚባል ሰው ነበር። ጨውዋን ሰጥታው ከተሳፈረች በኋላ መሐል ወንዝ ላይ ሲደርሱ፣

«ልጄን ያላሻገርካት አንተ ነህ?» አለችው።

ሰጥአርጌ መቅዘፊያውን አላቆመም። «እኔ ነኝ እናቴ» አላት። «ታንኳው የእኔ አይደለም፣ የሹሙ ነው፤ አንድ ሰው በነፃ አሻግረሃል ሲሉኝ ጀርባዬ ነው የሚከፍለው። ነጠላዋን ልትሰጠኝ ነበር። የሰው ሚስት ነጠላ ይዤ ብገኝ ምን እላለሁ? ቆሎ ሰጠኋት። ሌላ ምን ላድርግ?»

«አልተቀየምኩህም። እኔም ከላይ ሆኜ አይቻታለሁ» አለችው። ቀጥላም፣ «የምትከፍለውን ይዛ ብትመጣስ፣ የማን ሚስት ነሽ ትላታለህ?»

«የከፈለን ሰው አልጠይቅም።»

«እንግዲያው ቃልህ ይሁን» አለች።

ከደምለው ቤት ስትደርስ በክብር ተቀበሏት። የደምለው እናት እሜቴ ዘርትሁን ይባላሉ፤ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ አሮጊት ናቸው። አጎዛ አስነጠፉላት፣ ምሳ አቀረቡላት። አንጓች ውኃ ይዛ መጥታ የእናቷን እግር አጠበች። ከስታለች፤ ክንዷ ላይ የዳነና ያልዳነ ሰንበር አለ። እግሯን ስታጥባት ይመኙሻል የልጇን አናት ከላይ ታየዋለች፤ አንጓች ግን ቀና አላለችም። እሜቴ ዘርትሁን ከመሐላቸው ተቀምጠው ስለነበር እናትና ልጅ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ብቻ ተነጋገሩ።

የመሄጃዋ ሰዓት ሲቃረብ ይመኙሻል ከረጢቱን ከጉያዋ አወጣች።

«ከቀሚስሽ የተረፈ ጨርቅ ነበረ። ሰፋሁልሽ፤ በአንገትሽ ያዢው» አለቻት።

በዚህ መሐል ደምለው ከእርሻ ገባ። ከረጢቱን አየና «ምንድን ነው እሱ? እስቲ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ከእጁ በፊት የእናቱ እጅ ደረሰ። እሜቴ ዘርትሁን ከረጢቱን ተቀበሉና በጣታቸው ዳሰሱት። የጨው ስባሪ ሹል ነው፤ በጨርቅ ውስጥም አይደበቅም። አሮጊቷ እንደገና ዳሰሱት።  አንጓች ያን ጊዜ ቀና ብላ አየች።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አሉ እሜቴ ዘርትሁን።

«እኔ ነኝ።»

«ስፌትሽ ደቃቅ ነው። ለእኔ እንዲህ ያለ የሰፋልኝ ሰው አልነበረም» አሉና ተነሥተው በምራታቸው አንገት ላይ በገዛ እጃቸው አጠለቁት፤ በቀሚሷም ሥር አስገቡት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሴት በአንገቷ ያሠረችው ነገር የሴት ነው። በዚህ ቤት ይህን የሚፈታ እጅ እንዳላይ። ያንተም ቢሆን» አሉት።

ደምለው ክታብ መሰለው። የሴት ነገር ብሎ ሳቀና ውኃ አምጡልኝ እያለ ተቀመጠ።

ስትሄድ እሜቴ ዘርትሁን እስከ አጥሩ በር ሸኟት። በሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን በአጥሩ እንጨት ላይ አሳርፈው ወደ ገደሉ አሻቅበው ተመለከቱ።

«እኔም ከዚያ ላይ ነኝ» አሏት። «ከአጋም በር ወዲያ፣ ከፍ ብሎ። ሲያመጡኝ ልጅ ነበርኩ፤ የእናቴ መልክ አሁን አይመጣልኝም። ማለዳ ጭስ ሲታየኝ የእኛ ቤት ይሆናል እላለሁ። ማን ቀርቶ ያጨሳል ብለሽ።»

«ለምን አልተመለሱም?» አለች ይመኙሻል።

«በመጀመሪያ የምከፍለው አልነበረኝም። በኋላ ደግሞ ወለድኩ» አሉና በሩን ዘጉት።

ዳገቱን ስትወጣ ይመኙሻል ብዙ ጊዜ ዐረፈች ይባላል። አንዱ ማረፊያዋ ዛሬም የስፌተኛዋ ድንጋይ ይባላል የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ግን ድንጋዩ የወጣው በቅርቡ መንገድ ሲቆረጥ ነው ይላሉ።

ጥምቀት አለፈ፤ ሽማግሌ ተላከ፤ ደምለው ከጠባዬ እመለሳለሁ ብሎ ምሎ ላከ። የማለው ግን ጥቂት ነው የቆየው። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አንጓች ዳገቱን ወጥታ ከእናቷ ደጅ ቆመች። ከረጢቱ ባዶውን አንገቷ ላይ ነበር። ሰጥአርጌ ጨውን ተቀብሎ አንድ ቃል ሳይጠይቅ አሻግሯታል። እናትና ልጅ አልተላቀሱም። አንጓች መደቡ ላይ ተጋደመችና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ ይመኙሻል አጠገቧ ተቀምጣ ዝንብ እየከለከለች ዋለች።

ደምለው ሽማግሎቹን ይዞ መጣ። ከትልቁ ዝግባ ሥር ተቀመጡ፤ የአጋም በር ወንዶችም ወጥተው ዙሪያውን ያዙ። ደምለው ተነሥቶ፣

«አማቴ ልጇን ከዳረችልኝ በኋላ መውጫዋን ሰፍታ በአንገቷ አሰረችላት። እንዲህ ከሆነ ማነው ሚስት አለችኝ የሚል?» አለ። አነጋገሩ ጥሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባ ጉልላት ይመኙሻልን መልሺ አሏት። እሷ ለመቆም ስላልቻለች በተቀመጠችበት ተናገረች።

«ልጄ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ወደ እኔ ስታይ ሰነበተች» አለች። «እኔም አየኋት። የተሰጣ ልብስ መስላኝ ጭራሮዬን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ያንን ቀሚስ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ደክሞኛል።»

 ከተሰበሰቡት ወንዶች ማዶ ያልዳረ ጥቂት ነበር። አንዱ አንገቱን ወደ ገደሉ አዞረ፤ ሌላውም አዞረ፤ አባ ጉልላትም ዘንጋቸውን ተደግፈው ወደዚያው ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ አንጓችን ጠሩና ትመለሻለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አልመለስም አለች። አባ ጉልላትም «እንግዲህ በጨው ተሻግራ ከመጣች የሚያስገድዳት የለም» ብለው ፈረዱ፤ ጋብቻው ፈረሰ። አንጓች ኋላ ያገባችው ሸማኔ ነው የሚሉ አሉ፤ አላገባችም፣ እናቷን ጦራ እሷም መርፌ ይዛ ኖረች የሚሉም አሉ።

ይመኙሻል ግን አንድ ሥራ ቀርቷት ነበር። ከዚያ ከቀሚሱ ትራፊ ከረጢቱ ከወጣ በኋላም ሦስት ጣት የምታክል ቅዳጅ ተርፋለች። ከእሷ ሌላ ከረጢት ሰፋች፣ ከመጀመሪያው ያነሰ፤ የጨው ስባሪ ከተተችበትና ለነጋዴው ሰጥታ «ለእሜቴ ዘርትሁን በእጃቸው አድርስልኝ፤ ከአጋም በር ነው በላቸው» አለችው። ነጋዴው አደረሰ። ምን አሉ ብትለው «ተቀብለው ዳሰሱት። ምንም አላሉም» አላት።

ከዓመታት በኋላ የእሜቴ ዘርትሁን መርዶ ተሰማ። ሬሳቸውን ያጠቡት ሴቶች ከረጢቱን አንገታቸው ላይ አገኙት፤ የሸበበው ክር አልተፈታም። ጨው ግን በላባቸው ሟሙቶ፣ ደርቆ ከጨርቁ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ለመሻገር አስበው ያውቁ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰጥአርጌ ብቻ፣ አሮጊቷ በገበያ ቀን አልፎ አልፎ ወደ ወንዙ ወርደው ጥላ ሥር ትንሽ ይቀመጡ እንደነበር ተናግሯል። «አሻግረኝ አሉኝ እንዳልል አላሉኝም። እንዲያው ቀረጡ አልተለወጠም ወይ ይሉኛል፤ አልተለወጠም ስላቸው ይሄዳሉ» አለ።

ይህ ወሬ አጋም በር ከደረሰ ወዲህ ነው ይባላል፣ ልጅ የሚድሩ እናቶች የተረፈ ጨርቃቸውን እየያዙ ወደ ይመኙሻል ቤት መምጣት የጀመሩት። ያን ጊዜ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ መስፋት አልቻለችም። የእናቶቹን እጅ ይዛ በዳሰሳ አሳየቻቸው። እነሱ ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው አሳዩ።

አሁን አጓት ውኃ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፤ ታንኳም ቀረጥም የለም። በከረጢቷ ጨው የሚከት የለም፤ ለመኪና የሚሆን የብር ኖት አጥፈው የሚከቱ አሉ፣ የቤታቸውን ቁልፍ አስቀርጸው የሚከቱም አሉ። አብዛኞቹ ከረጢቶች ሳይፈቱ ያረጃሉ፤ ሴቶቹ ወልደው፣ ከብደው፣ ባላቸው ቤት ይኖራሉ፣ እግዜርም ይመስገን ይላሉ። ስፌቱ ግን አልተለወጠም። የአጋም በር እናት ከረጢቱን ሰፍታ ስትጨርስ አፉን የምትሸብበው በአንድ እጅ ተስቦ በሚፈታ ቋጠሮ ነው። ልጅቱ ለመምጣት በተነሣች ቀን በሌላው እጇ ሕፃን ታቅፋ ይሆናልና።